ለጋምቤላ ካህን ከየት ይምጣ?

መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የኮሮና ወረርሽኝ ሰሜን ጣሊያንን በሚያጭድበት ሰሞን፣ በብሬሻ ከተማ አንድ የ67 ዓመት ጳጳስ አረፉ። አቡነ አንጀሎ ሞሬስኪ ይባላሉ። በኮሮና ከሞቱት የካቶሊክ ጳጳሳት የመጀመሪያው ናቸው ተብሎ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተዘገበ። የሞቱት በተወለዱበት አገር ቢሆንም መንበራቸው እዚያ አልነበረም። የጋምቤላ ጳጳስ ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. የጋምቤላ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከጅማ ቦንጋ ተለይታ ራሷን ስትችል የመጀመሪያው መሪ ሆኑ፤ በ2002 ዓ.ም. ወደ ቪካርያት ስታድግም ጳጳስ ሆነው ቀጠሉ። ሃያ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው።

ከእሳቸው በኋላ ሮም ወደ ጋምቤላ ያዛወረችው የሐዋሳውን ጳጳስ አቡነ ሮቤርቶ ቤርጋማስኪን ነው። እሳቸውም ጣሊያናዊ ናቸው፤ እሳቸውም እንደ ቀዳሚያቸው የዶን ቦስኮ ልጆች ከሚባለው የሳሌዥያን ማኅበር ናቸው።

ይህን ማንሳት ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም። የባሮን ሙቀትና የወባውን ወቅት ችሎ፣ ሰው በማያውቀው አገር ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው ክብር ይገባዋል። ጥያቄው ወደ ሌላ ወገን ነው። ሃያ ዓመት የተለፋበት ቤት መሪው ሲሞት ተተኪውን ከውጭ ካስፈለገ፣ ቤቱ ውስጥ ምን ሲሠራ ነበር? ደግሞስ ዛሬ የተዘራው ዘር ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ያፈራል?

ጉዳዩ የካቶሊኮች የቤት ውስጥ ጣጣ ይመስል ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት የጋምቤላ ክልል ሕዝብ 307,096 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ካቶሊኩ 3.4 በመቶ ብቻ ነው። ሰባ በመቶው ፕሮቴስታንት ነው። ታዲያ የጥቂቶች የካህን እጥረት ለሌላው ምኑ ነው?

መልሱ ጋምቤላ ውስጥ አኝዋና ኑዌር፣ መዠንግርና ደገኛ አንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ስንት ነው የሚል ጥያቄ ነው። ፓርቲው በብሔር ነው። ሰፈሩ በብሔር ነው፤ ኒውላንድ ሲባል የማን እንደሆነ የከተማው ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በከተማዋ አኝዋዎች ሲጨፈጨፉ የመብት ድርጅቶች ከ400 በላይ ሟቾችን መዝግበዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ድንበር የተሻገሩ ታጣቂዎች በኑዌር መንደሮች ከ200 ሰው በላይ ገድለው ከመቶ በላይ ሕፃናትን ወስደዋል። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ በሰዓት እላፊ ውስጥ ነበረች። በእንዲህ ዓይነት አገር፣ አንድን ሰው «የማን ወገን ነህ?» ሳይል የሚቀበል ማኅበር ካለ፣ ያ ማኅበር ለሁሉም ያስፈልጋል። ማኅበሩ ደግሞ የራሱ አገልጋይ ከሌለው ዕድሜ የለውም።

አሁን ወደ ተለመደው ምክንያት። «ጥሪ ጠፋ» ይባላል። ወጣቱ ስልኩ ላይ ነው፣ ወጣቱ ሥራና ገንዘብ እንጂ መንፈሳዊ ሕይወት አይፈልግም፣ ባህሉም አይፈቅድም ይባላል። ይህ አነጋገር ጥፋቱን ሁሉ በአንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ጭኖ ሽማግሌውን፣ ወላጁን፣ ካህኑንና የቁምስናውን ምክር ቤት ነፃ የሚያወጣ ምቹ ፍርድ ነው።

የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ሕግ ግን ፍርዱን አይቀበለውም። የላቲን ሥርዓት ቀኖና ቁጥር 233 ጥሪን የመንከባከብ ግዴታ በመላው የክርስቲያን ማኅበረሰብ ላይ ያለ መሆኑን ይደነግጋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ካህናት አስተዳደግ ባወጣው ሰነድ ያለውም ይኸንኑ ነው፤ ቤተሰቡ፣ መምህሩ፣ ቁምስናው ሁሉ ተጠያቂ ነው። እንግዲህ ከአንድ ቁምስና በአሥር ዓመት አንድም ካህን፣ አንዲትም ደናግል ካልወጣች፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ልጁ ሳይሆን ልጁን ያሳደገው ማኅበር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በዓመት አንድ የትንሣኤ ወቅት ሰንበት በዓለም ዙሪያ ስለ ጥሪ ይጸለያል። መልካም ነው። ነገር ግን በዓመት አንድ እሑድ ጸሎት፣ አንድ ፖስተርና አንድ ስብከት፣ የቀረው 51 እሑድ ዝምታ ከሆነ፣ ጸሎቱ ግዴታን ወደ ላይ መመለሻ ሆነ ማለት ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

የዚህች አገር ታሪክም ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1622 አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሲሆኑ ኢየሱሳውያኑ አባቶች ቤተ መንግሥቱን ይዘው ነበር፤ በ1632 ንጉሡ ሲለቁና ፋሲለደስ ሲነግሡ ያ ሁሉ ግንባታ ፈረሰ። በንጉሥ ፈቃድና በባዕድ እጅ የቆመ ነገር ሁለቱ ሲነሡ አብሮ ተነሣ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1839 ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ፣ ኢትዮጵያውያኑ አቡነ ያዕቆብ የሚሏቸው፣ ትግራይ ገቡ። እሳቸው በሌላ መንገድ ሄዱ። የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፣ የአገሩን ልብስ ለበሱ፣ ከምንም በፊት የአገሩን ልጆች ለክህነት አሰለጠኑ። እንደ አባ ገብረ ሚካኤል ያለ ሊቅ በ1855 በእስር ሲሞት ለዚያ እምነት የቆመው የአገሩ ሰው ሆኖ ነው። የዴ ያቆቢስ ሥራ ከስደቱ ሁሉ ያለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጋምቤላ ድንበር ማዶ ያለው ትምህርት ደግሞ የቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የሱዳን መንግሥት ከደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የውጭ ሚሲዮናውያንን በሙሉ አባረረ። በአንድ ጊዜ ቁምስናዎች ካህን አልባ ሆኑ። ቤተ ክርስቲያኗን በጦርነቱ ውስጥ ያቆዩዋት ጥቂት የአገሬው ካህናትና ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ካቴኪስቶች ናቸው፤ በዛፍ ጥላ ሥር ጸሎት የሚመሩ፣ ሕፃን የሚያጠምቁ፣ ሬሳ የሚቀብሩ ባለትዳር ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች። ዛሬ በጋምቤላ መጠለያዎች የሚኖሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች አያቶች ይህን በዓይናቸው አይተዋል። ቪዛ ሊከለከል፣ መንገድ ሊዘጋ፣ ወረርሽኝ ሊመጣ እንደሚችል ለጋምቤላ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ኡጋንዳስ? ነጭ አባቶች የሚባሉት ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1879 ገቡ። በ1913 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኡጋንዳውያን ካህናት ተቀቡ። በ1939 ዮሴፍ ኪዋኑካ የማሳካ ጳጳስ ሆኑ፤ ካህናቱም የአገሬው ሰዎች ነበሩ። ኪዋኑካ ያደረጉት ዋና ነገር ምን ነበር? በየቁምስናው በምእመናን የተመረጠ ምክር ቤትና በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ማኅበር አቋቋሙ። ምእመኑ ቤቱ የራሱ መሆኑን ሲያምን ልጁንም ለቤቱ መስጠት አይከብደውም። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ጋምቤላ ውስጥ እውነተኛ እንቅፋት የለም ማለት ግን አይቻልም። አለ፤ ስሙም በግልጽ መጠራት አለበት።

አንደኛው ከብት ነው። በኑዌር ዘንድ ጋብቻ በከብት ይታሰራል። የሴት ልጅ ጥሎሽ ሆኖ የሚመጣው ከብት ወንድሟ ሚስት የሚያገባበት ነው። በአኝዋ ዘንድም ዲሙይ የሚባለው የዶቃ ጥሎሽ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ትዳርን ከትዳር ሲያያይዝ ኖሯል። እንግዲህ አንዲት ልጅ «ደናግል እሆናለሁ» ስትል የምታሳዝነው እናቷን ብቻ አይደለም፤ የወንድሟን ሠርግ ታስቀራለች። ይህን «ኋላቀር ባህል» ብሎ ማለፍ ድንቁርና ነው። ቤተሰቡ የሚያጣው እውነተኛ ሀብት ነው። ቁምስናው ከአባትየው ጋር ቁጭ ብሎ በሽምግልና ካልተነጋገረ፣ ለወንድምየው ትዳር ማኅበሩ ምን ይረዳል ብሎ ካልጠየቀ፣ ለልጅቱ ጥሪ መጸለዩ ቀልድ ነው።

ሁለተኛው ስም ነው። ኑዌሮች ያለ ልጅ የሞተን ሰው ስሙ እንዳይጠፋ ዘመዶቹ በስሙ ሚስት እስከማግባት ይደርሳሉ። በዚህ ሕዝብ መካከል ሳያገቡ መኖር ማለት ከሞት በኋላ እንኳ እንዳይጠፋ የሚታገሉለትን ነገር በገዛ ፈቃድ መተው ነው። ይህ መሥዋዕት ለአንድ አውሮፓዊ ካህን ከሚያስከፍለው በላይ ያስከፍላል። ስለዚህም እንዲህ ያለው ልጅ ከመጣ ማኅበሩ «ልጃችን» ሊለው፣ በስሙ ሊጠራና በሽማግሌዎች ፊት ሊያከብረው ይገባል። ካህን «አባ» የሚባለው ለምን እንደሆነ ከጋምቤላ በተሻለ የሚያስረዳ አገር የለም፤ ግን ማስረዳት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ቀኖናው ለክህነት ቢያንስ ስድስት ሙሉ ዓመት የፍልስፍናና የነገረ መለኮት ትምህርት ይጠይቃል፤ የዝግጅትና የሐዋርያዊ ልምምድ ዓመታት ሲጨመሩ ጊዜው ወደ አሥር ይጠጋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከላሬ ወይም ከአቦቦ የወጣ ልጅ ዕድሜው በሚያበስልበት ጊዜ ከሕዝቡ ተለይቶ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ምግብ፣ አንዳንዴም በቆዳው ቀለም እየተሳለቁበት ይኖራል። ከጸና፣ ሲመለስ ግማሽ እንግዳ ነው። ካልጸና፣ መንደሩ «ከሸፈ» ይለዋል። እንዲህ ዓይነቱ መንገድ ለብዙዎች ከጋምቤላ መውጫ መሰላል መምሰሉ ምን ያስገርማል?

አራተኛውና ከሁሉ የሚብሰው የአርአያው ነገር ነው። ልጅ የሚመኘው ያየውን ነው። ካህን ማለት መኪና ያለው፣ ከውጭ ገንዘብ የሚያመጣ፣ ትምህርት ቤት የሚሠራ፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ከሆነ፣ ሁለት ዓይነት ልጅ ይፈጠራል። አንዱ «እኔ እንደ እሳቸው መሆን አልችልም፤ ከውጭ ዘመድ የለኝም» ብሎ ይተወዋል። ሌላው መኪናውን ተመኝቶ ይመጣል። የትኛውም ቢሆን ለማኅበሩ አይበጅም።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ምክር ይሰማል፤ «በየብሔሩ እንከፋፈለው። ለአኝዋ የአኝዋ ቁምስና፣ ለኑዌር የኑዌር ቁምስና፣ ለደገኛው የደገኛ። ጠብ ይቀራል፣ ካህንም በቀላሉ ይገኛል» የሚል።

ቋንቋውን በተመለከተ ምክሩ ግማሽ እውነት አለው። ሰው በእናቱ ቋንቋ መጸለይ አለበት፤ የአኝዋ አሮጊት የአማርኛ ስብከት ሰምታ እንድትመለስ መፍረድ ግፍ ነው። ምክር ቤቱን፣ ሣጥኑንና በዓሉን ግን መከፋፈል ሌላ ነገር ነው። እንዲህ የሚሆን ቁምስና በክልሉ ካሉት የብሔር ድርጅቶች አንድ ተጨማሪ ይሆናል፤ ከዚያም የሚወጣው ካህን ለጎሳው የሚሟገት ሌላ ፖለቲከኛ ነው። ጠብ በተነሣ ቀን ወደ ሁለቱም ሰፈር ሊገባ የሚችል ሰው ካልሆነ፣ ካህን መሆኑ ለጋምቤላ ምን ጨመረላት?

ስለዚህ ሥራው ከየት ይጀመር ቢባል፣ ከካቴኪስቱ ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 የካቴኪስትን አገልግሎት ለወንድም ለሴትም የሚሰጥ ቋሚ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አድርገው ደንግገዋል። ይህ ለጋምቤላ እንደተጻፈ ያህል ነው። ካቴኪስቱ ከብቱን የሚጠብቅ፣ በቆሎ የሚዘራ፣ ሚስትና ልጅ ያለው፣ ቋንቋውን የሚያውቅ የመንደሩ ሰው ነው። በክልሉ ፕሮቴስታንቱ ይህን ያህል የሰፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ወንጌላዊው የጎረቤት ልጅ ነው። ካቴኪስቱ ግን የካህኑ ተላላኪ፣ ተርጓሚና በር ከፋች ሆኖ ከቀረ ማንም ልጅ እሱን ሊመስል አይመኝም። ሥልጠና፣ ሥልጣን፣ በምክር ቤቱ ድምፅና የድካሙ ዋጋ ይሰጠው። ካህናት የሚወጡት ካቴኪስት ከተከበረበት መንደር ነው።

ቀጥሎ ትንንሽ የክርስቲያን ማኅበራት። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት ኅብረት፣ አመሴያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን በሰፈር ደረጃ በአሥርና በአሥራ አምስት ቤተሰብ እንድትደራጅ ወስኗል። ሃሳቡ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ጽዋ ማኅበሩም እድሩም ይህንኑ ያውቃል። በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ቤት ተሰብስቦ ቃሉን ማንበብ፣ የታመመውን መጠየቅ፣ የተጣላውን ማስታረቅ። ልጁ «አገልጋይ» ማለት ምን እንደሆነ የሚያየው እዚህ ነው። ድብልቅ ሰፈር ባለበት ማኅበሩም ድብልቅ ይሁን።

ከዚያ ሥልጠናው። ፍልስፍናና ነገረ መለኮቱ አዲስ አበባ ቢሆንም የዝግጅቱና የልምምዱ ዓመት እዚያው ጋምቤላ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ ግዴታ ይሁን፤ የኑዌር ልጅ ቢያንስ አንድ ዓመት በአኝዋ መንደር፣ የአኝዋውም በኑዌር መንደር ይኑር፤ ቋንቋ ይማር፣ አሣውንም ወተቱንም አብሮ ይብላ። ለመቀባት ብቁ መሆኑን ከሚመሰክሩት መካከል ያ የሌላ ብሔር ማኅበር ይገኝበት። ከደጋ የሚመጣ ካህንም ከዚህ ግዴታ አይዳን።

በመጨረሻ ሣጥኑ። ምእመኑ ድሃ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ድሃው ለቀብር ያዋጣል፣ ለሠርግ ያዋጣል፣ ለካሣ ከብት ያዋጣል። ለገዛ ሴሚናሪስቱ በዓመት አንድ ኩንታል በቆሎ ወይም አንድ ፍየል ማዋጣት አያቅተውም። ገንዘቡ የዘርዐ ክህነቱን ወጪ አይሸፍንም፤ ልጁ ግን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። በውጭ ለጋሽ ብቻ የተማረ ካህን ሂሳብ የሚያወራርደው ለውጭ ለጋሽ ነው።

ለዚህ ሁሉ መልስ የሚሆን አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ «ጥድፊያ ጥሩ ካህን አያወጣም። ዝግጁ ያልሆነን ሰው ከመቅባት በእንግዳ መገልገል ይሻላል» የሚል። ልክ ነው፣ ጥድፊያ ያበላሻል። ግን እዚህ የተጠየቀው ዓመቱን ማሳጠር አይደለም፤ ማኅበሩን ማጥለቅ ነው። ደግሞም «ገና አልበሰሉም» የሚለው ቃል ዕድሜው ረጅም ነው። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 15ኛ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1919 ባወጡት መልእክት የአገሬው ካህን የባዕድ ሚሲዮናዊ ረዳት ሆኖ እንዲቀር የሚደረገውን አሠራር በግልጽ ነቅፈዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልበሰለው ማን ነው?

እንግዳ ካህን ለጋምቤላ ጸጋ ሆኖ ኖሯል፤ ወደፊትም ቢመጣ ይመስገን። ጥሩ እንግዳ የሚታወቀው ግን ቤቱን ለባለቤቱ ትቶ መሄድ ሲችል ነው፤ ጥሩ ባለቤትም የሚታወቀው እንግዳውን ለዘለዓለም ምሶሶ ሳያደርገው ነው። የየቁምስናው ምክር ቤት በሚቀጥለው ስብሰባው ሦስት ጥያቄ ብቻ በአጀንዳው ላይ ያስፍር። ካቴኪስታችን ባለፈው ወር በምን ኖረ? ከሌላው ብሔር ጋር መጨረሻ የበላንበት ማዕድ መቼ ነበር? ስሙን ጠርተን «አንተን እንፈልግሃለን» ያልነው ወጣት ማን ነው?

ለሦስቱም መልስ ካልተገኘ፣ «ጥሪ ጠፋ» ብሎ ማማረር ይቁም።